ያልገባበት ዛጎል

መስኮቱ ጠርዝ ላይ አንድ ዛጎል አለ። የጡጫዬን ግማሽ ያክላል፣ ውስጡ ልስልስ ያለ ነው። ጠዋት ጠዋት የደም ግፊት ኪኒኔን ከሱ ውስጥ አውጥቼ እውጣለሁ። ዛሬ ኪኒኑ አልቆ ኖሮ ጣቴ ባዶውን ነካ፤ ጥፍሬ ሥር ሁለት ሦስት የአሸዋ ቅንጣት ገባ። ስንት ጊዜ ያጠብኩት ዛጎል ነው፤ አሸዋው ከየት እንደሚመጣ እንጃ። አሸተትኩት። እርጥብ አሸዋ፣ ትንሽ ዓሣ ዓሣ ይላል። ቁጭ አልኩ።

እኔ ፊደል ዘግይቶ የገባኝ ሰው ነኝ፤ ጎልምሼ ነው የቆጠርኩት። ቀስ እያልኩ ስለምጽፍ ስህተት ብታገኙ እለፉት።

ዛጎሉ የተገዛው ለሸርጣን ነበር፤ ለልጅ ልጄ ሸርጣን። ያን ጊዜ ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ በየሰው ቤት እየዞረች ሽማግሌ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፤ ደብል ሺፍት ነው የምትሠራው። ከልጅቷ ጋር የምውል፣ የማበላትም እኔ ነኝ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ቶርንክሊፍ የሚሉት ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ። ዛሬም እዚሁ ነኝ።

ልጅቷ ደቃቃ ነበረች። የክፍላቸው ፎቶ ላይ ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚያቆሟት። ምግብ አፏ ውስጥ ይዛ ታንቀላፋለች። ሐኪሙ ወረቀት ላይ የእድገት መስመር አለው፤ የሷ ነጥብ ከመስመሩ በታች ሆነ። እናቷ ዓይኗ እንባ ሲሞላ ሐኪሙ፣ ስሎው ነች፣ ዝግ ትላለች ማለቱ ነው፣ ግን እያደገች ነው አላት። ልጅቷም ሰማች። በዚያው ሰሞን እናቷ የበረዶ ጃኬት ሁለት ቁጥር አስበልጣ ገዛችላት። ታድግበታለች ብላ ነው፤ እኛ ሁላችን እንደዚያ ነን። እጅጌው ሦስት ጊዜ ታጥፎ አውቶቡስ ስትጠብቅ ከሩቅ ያየ፣ ጃኬቱ ብቻውን የቆመ ነው የሚመስለው።

ሸርጣኑ ለልደቷ መጣ። ከነዛጎሉ የሎሚ ግማሽ ቢያክል ነው። ይሄ ዓይነቱ ዛጎል የራሱ አይደለም፤ ሌላ ፍጥረት ጥሎት የሄደውን ነው የሚገባበት። ሲያድግ ወደ ሰፋ ያለው ይዛወራል። ኸርሚት ክራብ ነው ስሙ አለችኝ።

አውቀዋለሁ አልኳት። በጉርምስናዬ አሰብ ወደብ ጆንያ ተሸክሜያለሁ። ፀሐይ በረድ ስትል አሸዋው ላይ ዛጎሎች ይሄዳሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጆንያዬን ጥዬ ሮጬ መሳቂያ ሆኛለሁ፤ የደጋ ልጅ ዛጎል ሲራመድ የት አይቶ ያውቃል። የሞተ ዓሣ፣ የቴምር ልጣጭ፣ ከጆንያ የፈሰሰ ሩዝ፣ ያገኙትን ይበላሉ። ያበላቸው የለም፤ የለካቸውም የለም።

እሷ ግን ለካችው። በየእሑዱ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አጠገብ ታስቀምጠውና "አባባ፣ አትንቀሳቀስ" ትለኛለች። አንቱ ማለት አታውቅም። እኔም አላረምኳትም፤ ከሷ አፍ ሲወጣ ደስ ይለኝ ነበር። ወር ያልፋል፣ ሸርጣኑ ያው ነው።

"አላደገም" ስላት፣

"ስሎው ነው አባባ። ግን እያደገ ነው" ትላለች፣ የሐኪሙን ድምፅ አስመስላ።

ከላይብረሪ መጽሐፍ አምጥታ ስለ ምግቡ አስተማረችኝ። ከሱቅ የመጣው ደረቅ እህል ብቻውን አያሳድገውም። ሰውነቱ የሚጠነክረው በካልሲየም ነው፤ የእንቁላል ቅርፊት ተወቅጦ ይሰጠዋል፣ ደረቅ ሽሪምፕ፣ ፍራፍሬም። ከዚህ ቤት ሰው የሱ ምግብ በለጠ ብዬ አጉረመረምኩ። አጉረመረምኩ እንጂ ቅርፊቱን በሙቀጫዬ ወቀጥኩለት። የሽሪምፑ ከረጢት ሲከፈት ሳሎኑ አሰብ አሰብ ሸተተ። ማታ ማታ ሳጥኑን ከሳህኗ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። እሱ በትንሿ እጁ እየቆነጠረ ወደ አፉ ሲልክ እሷ እያየችው፣ ሳታውቀው ሳህኗን ትጨርሳለች። እኔና እናቷ ተያይተን ዝም። ከተናገርን የምታቆም ይመስለን ነበር።

ትልቁን ዛጎል የገዛሁት እኔ ነኝ። ሻጩ ከለበሰው ትንሽ ሰፋ ያለ ነው የሚፈልገው ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ከመደርደሪያው ትልቁን አነሳሁ። ያድግበታል አልኩ። ቤት ስደርስ ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "አባባ፣ ይሄ እኮ የኔ ጃኬት ነው።"

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በጾም ሙቀጫዬን እንቁላል አይነካውም አልኩ። ሽሪምፑም ከማዕድ ቤቱ ይውጣ አልኩ።

"ኧረ አባባ፣ ሸርጣን ምን ጾም አለበት ብለው ነው?" አለች ልጄ።

"ቤቱ ጾም አለበት" አልኳት። እኔ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

ሃምሳ አምስት ቀን ሩዝና ካሮት በላ። ልጅቷ አልተከራከረችኝም። ካሮቱን እንደ ዱቄት አድቅቃ ስትከትፍለት ብቻ የቢላው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ሸርጣኑ አሸዋው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ቆዳውን ሊቀይር ነው አለችኝ። የሚያድገው እንደዚያ ነው፤ ከአሸዋ በታች፣ በጨለማ፣ ብቻውን። "እንዳትነካው አባባ። ረጅም ጊዜ ነው። ፕሮሚስ አድርግ።"

ፕሮሚስ አደረግኩ።

እሷ ቀኑን ካላንደር ላይ ታሰምራለች። እኔም በልቤ ቆጠርኩ። ሃያ ሆነ፣ ሠላሳ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ሳጥኑ ነው። ማታ ሳህኗን መግፋት ጀመረች። አርባ ሞላ። እንግዲህ በእኛ ዘንድ አርባ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለስንቱ ዘመዴ አርባ አውጥቻለሁ። አርባ ቀን ከአፈር በታች የቆየ ነገር ተመልሶ ይወጣል ብሎ ማመን አቃተኝ። ሞቶ በስብሶ እሷ ራሷ ከምታገኘው እኔ ቀድሜ ልየውና ቀስ ብዬ ልንገራት አልኩ። ክፋት አልነበረበትም። ግን ፕሮሚስ ነበር።

እሷ ትምህርት ቤት ሄዳለች። የጠዋት ፀሐይ መስታወቱ ላይ ወድቋል። በሻይ ማንኪያ ቆፈርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ባዶ እግር፣ ባዶ እጅ ነው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የቀለለ። አልቋል አልኩ። አጠገቡ ግን ዛጎሉ ነበር፤ ውስጡ ነጣ ያለ፣ እንደ አራስ ልጅ ጆሮ የለሰለሰ ነገር ነካሁ። ተንቀሳቀሰ። ደነገጥኩ። አሸዋውን መለስኩበት፣ በመዳፌ ደለደልኩት። ያንን ልጣጭ ቆሻሻ መስሎኝ በሶፍት ጠቅልዬ ኮሪደሩ ላይ ባለው የቆሻሻ መውረጃ ለቀቅኩት። የብረት በሩ ሲዘጋ ዛሬም ይሰማኛል።

ከጥቂት ቀን በኋላ እራት ላይ፣ "አባባ ታውቃለህ፣ የድሮ ቆዳውን እኮ ይበላዋል። ካልሲየሙ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። እሱን ሳይበላ አይጠነክርም" አለችኝ።

ሳህኔን አንስቼ ወደ ማዕድ ቤት ሄድኩ።

የሰኔ ጾም ገብቶ ነበር። በማግስቱ እሷ ስትወጣ በዚያው ሙቀጫ የእንቁላል ቅርፊት ወቀጥኩ። አድቅቄ አሸዋው ላይ በተንኩ። ሙቀጫውን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ሸርጣኑ ግን አልወጣም።

የሞተ ሽታው ከአሸዋው ሲመጣ ራሷ በእጇ ቆፈረችው። አላለቀሰችም። አሸዋውን በጣቶቿ እያበጠረች ስትፈልግ ቆየች።

"የድሮ ቆዳው የለም" አለች። ቀና ብላ አየችኝ። "ነክተኸው ነበር አባባ?"

"አልነካሁም። እመብርሃን ምስክሬ ናት።"

አመነችኝ። "እንግዲያው እኔ ነኝ። ምግቡን አሳነስኩበት" አለች። ትልቁን ዛጎል አጥባ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አኖረችው። ከዚያ በኋላ እንስሳ አምጡልኝ ብላ አታውቅም። እናቷ ድመት እንግዛልሽ ስትላት፣ "ማሳደግ አልችልም" ነው ያለችው።

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። ሸርጣን ነው ያሉኝ? ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሳቅ እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ዞር አሉ። ለመሐላው አርባ ስግደት ሰጡኝ፤ በዚህ ጉልበቴ ሰገድኩ። ሲያሰናብቱኝ፣ ለልጅቷ ግን ይንገሯት አሉኝ።

አልነገርኳትም። ዛሬ ነገ ስል ጃኬቱ ልክ ሆነላት። የእጅጌው እጥፋት ሲዘረጋ ጨርቁ ላይ ሦስት መስመር ቀርቶበት ነበር። ከዚያም ጠበባት። አሁን ከኔ ትበልጣለች፤ ጎንበስ ብላ ነው የምትስመኝ። ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ፣ በልተሻል? ብዬ ዘጋሁት።

እዚህ ደብተር ላይ የጻፍኩት አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ነው። እውነቱ ይኸው ነው።

ባለፈው እሑድ ግን ፊደል መማር ጀምሬያለሁ አለችኝ። ስልኩ ላይ ወረቀት አስጠግታ ልታነብልኝ ሞከረች። አንዱን ቃል ፊደል በፊደል እየጎተተች፣ መሐል ላይ እየረሳች፣ እንደገና ከመጀመሪያው እየተነሳች። ሻዬ ቀዘቀዘ።

"ስሎው ነኝ አባባ" አለችኝ።

"አይዞሽ፣ እያነበብሽ ነው" አልኳት።

ደብተሩን ዛጎሉ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ስትመጣ ታገኘዋለች፤ ማንበቡ ሲሆንላት ታነበዋለች። አላስቸኩላትም። ለዚህኛው ግን ቀን አልቆጥርም።