የዘይቷ መርፌና የአጎቴ ልጅ

በቀደም ዕለት አንድ አሮጌ መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ሲያልፍ የተቃጠለ የዘይት ሽታ በመስኮቴ ገባና፣ ከያዝሁት ሥራ አስነሥቶ ደብረ ማርቆስ፣ አባቴ ግቢ ወስዶ አስቀመጠኝ። ሽታው ለሌላው ሰው አፍንጫ የሚያስይዝ ነው፤ እኔ ግን ጣልያን አገራችንን ይዞ በነበረበት ዘመን በእሱ ውስጥ ስላደግሁ በሸተተኝ ቁጥር መጀመሪያ አባቴ፣ ቀጥላም የአጎቴ ልጅ አስካለ ትመጣብኛለች፤ ከአስካለ ጋር ደግሞ ያ የድሮ ቅናቴ አብሮ ይመጣል።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻና ማጭድ እየሠራ ለይጁቤ ገበያተኛ ይሸጥ ነበር፣ ሰዉም ማረሻውን ወድዶ እየገዛ ከእኛ ቤት ግን እህል ውሃ አይቀምስም ነበር። ጣልያን ሲመጣ ታናሽ ወንድሙ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ፣ አባቴ ግን እናቴንና እኔን ጥሎ መሄዱ አልሆንልህ ብሎት ቀረ። ብዙም ሳይቆይ አንድ መንገድ ቀያሽ ጣልያናዊ የእጁን ሥራ አይቶ መኪናውን እንዲጠግንለት አስገደደው። መኪናዋ እኛ ግቢ ታድር ጀመር፤ ትንሽ፣ ዝቅ ያለች፣ ከሌሎቹ የተለየች ነበረች፤ ሞተሯ ጎን አየር እየሳበ በኃይል ወደ ውስጥ የሚገፋ ዕቃ ነበራት። ጣልያኑ ስሙን በቋንቋው ቢነግረውም አባቴ አልያዘለትም፣ ኮፈኑን ከፍቶ አሠራሩን ሲያይ ግን ሳቀና «ይኼማ ወናፍ ነው!» አለ። እኛም ከዚያ ወዲያ ወናፍ አልነው። የደጋው አየር ስስ ስለሆነ ሌሎቹ መኪናዎች ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው እሷ በወናፏ እያፏጨች ትወጣው ነበር።

አስካለ የመጣችው በክረምት ነው። አባቷ ዱር እንዳለ እናቷ ደብረ ወርቅ በተስቦ ሞታባት፣ አንድ ዘመድ በጭቃው መንገድ በበቅሎ አምጥቶ አወረዳት፤ በእድሜ በአንድ ዓመት ትበልጠኝ ነበር። አባቴ የወንድሙን ፊት ፊቷ ላይ አይቶ ነው መሰለኝ፣ አቅፎ ለረዥም ጊዜ አልለቀቃትም፣ እኔም በር ላይ ቆሜ ያ እቅፍ መቼ እንደሚያልቅ እጠብቅ ነበር። እናቷ በሞተችባት ልጅ መቅናት ነውር መሆኑን ያን ጊዜም አውቀው ነበር። አውቄም ቀናሁ።

ይባስ ብሎ አስካለ ቁጥር ታውቅ ነበር። ደብረ ወርቅ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ስታድግ ከተማሪዎቹ አፍ ፊደሉንም አኃዙንም ለቅማው ኖሯል። ከመኪናዋ መሪ ፊት ለፊት የዘይቱን ግፊት የምታሳይ መርፌ ነበረች፣ አባቴ ኮፈኑ ውስጥ አጎንብሶ ሲሠራም አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መርፌዋ ስንት ላይ እንደቆመች ሊጠራለት ይገባ ነበር፤ የፈረንጁን ቁጥር ግን ከቤታችን የሚያነብ አልነበረም። አስካለ ከአሮጌ ብራና ላይ ክብ ቀለበት ቆረጠች፣ ጣልያኑ በጣቱ እያሳያት ከ፩ እስከ ፰ በቀለም ጻፈች፣ ከዚያም የመርፌዋ መስተዋት ዙሪያ በሰም ለጠፈችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ወንበር የአስካለ ሆነ፣ እኔ የዘይት ጣሳ ተሸካሚ ሆንሁ።

ያን ክረምት ጧት ጧት ሞተሩ ሲነሣ መርፌዋ ሽቅብ ትሮጥና አስካለ «ሰባት!» ብላ ትጮህ ነበር፣ እኔና እናቴም መኪናዋ በረታች ብለን ደስ ይለን ነበር። አባቴ ግን ራሱን ይነቀንቅና ያስተምራት ነበር።

«አስካልዬ፣ ቁጥር ብቻ አትጥሪልኝ። ማር በብርድ ረግቶ ከቅሉ አልወርድ እንደሚል ዘይቱም ጧት ይረጋል። የረጋ ዘይት በጠባብ ቧንቧ ሲገፋ መርፌዋን ሽቅብ ይሰቅላታል፤ ያ ብርድ ነው እንጂ ጤና አይደለም። ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናዋ ቆማ ሳለች መርፌዋ ወደ አንድ ብትወርድም አትደንግጭ። ዳገት ላይ ወናፉ ሲጮህ ግን ከአራት በታች ካየሽ ቶሎ ንገሪኝ። እሳቱ ሲበረታ ብረት ብረትን ይጫናል፣ በመካከላቸው ያለችው ዘይት ብቻ ናት።»

ይህን ሁሉ የሚነግራት ለእሷ ነበር። እኔ ጣሳዬን ይዤ ከጎን ቆሜ እያንዳንዷን ቃል እሰማ ነበር፣ እጄን ኮፈኑ ላይ አሳርፌ ሙቀቱን እለካ ነበር፣ ድምፁንም ለይቼ አውቀው ነበር፤ አንድም ቀን ግን «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ብሎኝ አያውቅም። መስከረም ጠብቶ ሜዳው አበባ ሲለብስ የሰፈሩ ልጆች እንጨፍር ብለው ሲጠሩኝ እንኳ አልሄድም ነበር፣ እኔ ሳልኖር ደግሞ ምን ያስተምራት ይሆን እያልሁ ጣሳዬን ይዤ እዚያው እቆም ነበር።

በጋው ሲገባ ዘይት ከከተማው ጠፋ። ዱር ያሉት ሰዎች መንገዱን እየዘጉ ነው ይባል ነበር፣ አባቴም ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ፈገግ ይል ነበር። ጣልያኑ ግን መኪናዋ ልትቆም አይገባም ብሎ አፋጠጠው፤ እናቴ የጉሎ ፍሬ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ ዘይት አወጣችለትና በቀረችው የመኪና ዘይት ላይ ጨመራት። ለጥቂት ሳምንታት ሠራ። ወሩ ሳያልቅ አንድ የከተማችን ሾፌር መኪና ሆን ብለህ ሰብረሃል ተብሎ ከቤቱ ተወሰደ፣ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ወንድሙ ዱር ያለ ሰው መኪና ቢሰበርበት ምን እንደሚሉት አባቴ አላጣውም፣ እኛም አላጣነውም።

አንድ ቀን ጣልያኑ «ነገ በዳገቱ ወደ ሮብ ገበያ ከተማ እወጣለሁ» አለ። አባቴ ዳገቱ ላይ አስቀድሞ ሊሞክራት ሞተሩን አስነሥቶ ያሞቅ ጀመር፣ አስካለም የሚወለውልበት ጨርቅ ልታመጣ ወደ ቤት ገባች። ፀሐዩ ሰሙን አለስልሶት ነበር። በመስኮቱ እጄን ሰደድሁና የብራናውን ቀለበት ሁለት ቁጥር ያህል አዞርሁት። ትሳሳት፣ አባቴ ፊት ትፈር፣ ከወንበሩ ትነሣልኝ ብዬ ነው እንጂ ከዚያ አልፎ የሚመጣውን አላሰብሁትም።

አባቴ መሪውን ያዘ፣ አስካለ ከጎኑ ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ጣሳዬን አቅፌ ወጣሁ። ዳገቱን ስንጀምር ወናፉ መጮህ ጀመረ። «አራት!» አለች አስካለ። «ጎሽ፣ ዛሬስ ጥሩ ይዛለች» አለ አባቴ፣ ነዳጁንም ጨመረ። እሷ አራት ያለችው ሁለት እንደሆነ ከሦስታችን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። የተቃጠለ የጉሎ ሽታ መጣ፣ ኮፈኑ ላይ አየሩ በሙቀት ይርገበገብ ጀመር፣ አስካለ ግን «አራት ናት፣ አራት» ትላለች። ተናገሪ ተናገሪ ይለኛል፣ ከተናገርሁ ግን ያደረግሁት ይታወቃል። ከዚያ ከታች፣ በጣም ከውስጥ፣ ብረት ብረትን ሲመታ ሰማሁ። የዚያ ሾፌር ሚስት መንገድ ላይ ስታለቅስ ያየኋት ትዝ አለችኝ።

«አባየ አጥፋው! አጥፋው!» ብዬ ጮህሁ።

አጠፋው። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሲሠራ ቆይቶም የጉሎው ዝቃጭ የዘይቱን ማጥለያ ደፍኖት አገኘ። ትንሽ ብንገፋ ኖሮ ብረቱ ከብረቱ ተነካክሶ ሞተሩ ደርቆ ይቀር ነበር። ተመልሶ መስተዋቱን ሲያይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ምንም ላይ መሆን የነበረባት መርፌ ፪ ላይ ተኝታለች።

«ማን ነው ያዞረው?» አለ።

አስካለ መርፌዋን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ወደ እሱም ዞራ «እኔ ነኝ አጎቴ፣ ስወለውል ዞሮብኝ ይሆናል» አለች። በጥፊ መታት። እጁን በሴት ልጅ ላይ ሲያነሣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወዲያው ራሷን ወደ ደረቱ ስቦ «ለወንድሜ ምን ብዬ ልመልስ ነበር» አለ፤ ከእሷ ራስ በላይ እኔን እያየም «ጆሮ ያላት ልጅ፣ አንገቴን አተረፈችው» አለ። ስንት ወር የጠበቅሁት ቃል ነበር። ዓይኔ ግን እቅፉ ላይ ነበር።

በማግሥቱ ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ «ለምን አልተናገርሽብኝም?» አልኋት።

ልብሱን እየጨመቀች «እኔ የሰው ቤት ልጅ ነኝ፣ ከጥፊ በላይ አይመጣብኝም» አለች። «አባትሽ ግን የአንቺን ዓይን ማየት ይተው ነበር።»

ወንበሩ የእኔ ሆነ። ቁጥሩን ያስተማረችኝም አስካለ ናት፤ ጣልያን እስኪወጣና አባቷ ከዱር ገብቶ እስኪወስዳት ድረስ ጣሳውን የተሸከመችው እሷ ነበረች። አባቴ እስኪሞት ድረስ ለሰው ሲያወራ «አስካለ ደግ ናት፣ ግን ዝንጉ ናት፤ አስተዋይዋ የእኔዋ ነች» ይል ነበር፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ እሰማው ነበር፣ አንድም ቀን አላረምሁትም።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል፣ በዓመት በዓል እንጠያየቃለን፣ ስለዚያ ቀን ግን ተነጋግረን አናውቅም። ያን ጊዜ ወንበሩንም፣ እቅፉንም፣ ቁጥር ማወቋንም እቀናባት ነበር። ዛሬ የምቀናባት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ጥፊ ተቀብላ ዝም ማለት በመቻሏ። እኔ ብሆን ኖሮ እናገርባት ነበር።