ጥላ የሚቆርጠው ልብስ ሰፊ

ወንድሜ አዋሳ መናኸሪያ ከሚሸጥ አሮጌ መጽሐፍ መሃል ሽፋኑ የተገነጠለ የፈረንጅ የሥዕል መጽሔት ገዝቶ መጣ። ጀግናው የሞተ ልብስ ሰፊ ነው። ከመቃብሩ እየተነሣ የክፉ ሰዎችን ጥላ በመቀስ ይቆርጣል፤ ጥላው የተቆረጠበት ሰው እዚያው ደርቆ ይቀራል።

«ይሄን አስፈሪ ፊልም አደርገዋለሁ» አለ።

«ካሜራ ሳይኖርህ?»

«አንሶላ አለ፣ ማሾ አለ። ማሾውን ከአንሶላው ጀርባ አብርተን ጥላችንን ማሳየት ነው።»

ለምን ሁሉም የሚያውቀውን፣ የሚበረውን ጀግና እንደማይወስድ ጠየቅሁት።

«የሚበረውን ማን ይፈራዋል? እንደሚያሸንፍ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ይሄ ግን ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል?»

ልብስ ሰፊው አንቺ ነሽ አለኝ። መሃል ከተማ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ እተክል ስለነበር መቀስ ከእጄ አይጠፋም። እኔም እሺ ያልኩት ማንም ስለማያየኝ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ሰሌዳው ፊት ወጥተሽ አንብቢ ስባል አልቅሼ የተቀመጥኩ ልጅ ነኝ። ጥላ መሆን ለእኔ የተሠራ ሥራ ነበር።

የቀበሌውን አዳራሽ ለማግኘት ሊቀመንበሩን ማስፈቀድ ነበረብን። ወንድሜ ታሪኩን ሲነግራቸው እኔ ከኋላው ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ።

«ሰውዬው ልብስ ሰፊ ነው አልክ?»

«አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እንግዲህ ወዛደር ነው። የሚቆርጠው የማንን ጥላ ነው?»

«የከበርቴዎችን» አለ ወንድሜ፣ መጽሔቱ ላይ የሌለውን።

«መልካም። ግን መንፈስ የሚባል ነገር የለም። ሕዝቡን አጉል እምነት ልታስተምሩት ነው? መጨረሻ ላይ ያ ልብስ ሰፊ ከአንሶላው ፊት ይውጣና ፊቱን ያሳይ። ‹መንፈስ የለም፣ እኔ ሰው ነኝ› ይበል።»

ገና ከግቢው ሳንወጣ «ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ብቅ ብሎ መመለስ ነው። ሰው አይበላሽም!»

እሑድ ከሰዓት መስኮቶቹን በጆንያ ሸፈንን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወደ ማሾው በተጠጋሁ ቁጥር መቀሱ በር ያክላል፤ ሰዉ ሲንጫጫ ደስ ይለኛል። ሆዱ ላይ ትራስ አስሮ ከበርቴ የሆነው ወንድሜ እያጓራ ወደቀ።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ማንም እንዳይለየኝ ብዬ የተፈጨ ከሰል በወረቀት ይዤ ነበር። ፊቴንም አንገቴንም ለቀለቅሁት። ወንድሜ ከተኛበት «ውጪ!» አለኝ። መቀሱን እንደያዝኩ ወጣሁ።

ድምፄ እምቢ አለኝ። አፌ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሳላስበው መቀሱን ቀጭ ቀጭ አደርጋለሁ።

«በኢየሱስ ስም! እውነተኛው መጣ!» ብለው ጎረቤታችን እትዬ ጮኹ። አግዳሚው ተገለባበጠ፣ ሰዉ በሩን በርግዶ ወጣ።

ሊቀመንበሩ ብቻ ቀሩ። «ጓዶች፣ ተረጋጉ! መንፈስ የሚባል...» አሉና ቆም አሉ። በተከፈተው በር የገባው ፀሐይ ጥላቸውን እስከ እግሬ ዘርግቶታል። መቀሱን አዩ፤ ጥላቸውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ጥላቸውን እየሰበሰቡ፣ የኋሊት እስከ ደጅ ሄዱ።

በማግሥቱ እትዬ ሱሪ ሊያሳጥሩ ስፌት ቤት መጡ።

«አላየሽም እንጂ ልጄ፣ ቁመቱ የስልክ እንጨት ነው! እንደ አንቺ ያለች ዓይን አፋር ብታየው እዚያው ትቀር ነበር።»

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ» አልኩና ከሰል የገባበትን ጥፍሬን ከሱሪው ሥር ደበቅሁ።