«አልተቀበረም» ያሉበት እሑድ

ባለፈው ሳምንት የቀበርናቸው አጎቴ አገር ቤት ሳሉ ጄኔራልና የሸንጎ አባል ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ ተሰደው ቶሮንቶ መጡ፤ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር ከእኛ ጋር እየኖሩ ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ የሚያነሣው ማዕረጋቸውን ነው። እኔ የማስታውሰው ግን አንድ እሑድ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት የልጃቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ቀረቡ።

«እርስዎ ልጄ የዘመተበት ጦር ውስጥ ነበሩ። ለመሆኑ ተቀብሯል?»

አጎቴ ፎቶግራፉን አይተው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አልተቀበረም፣ እኅቴ። የሞቱትን ሁሉ ሜዳ ላይ ጥለን ሸሸን። ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ተቆጣኋቸው። «ጋሼ፣ ተቀብሯል ቢሏቸው ምን ነበረበት?»

«ሸንጎ ላይ ቆሜ እናሸንፋለን ስል አንዴ ዋሽቻቸዋለሁ። ይበቃል።»

ታናሽ ወንድማቸው፣ አባቴ፣ እዚያው ጦር ውስጥ ነበር፤ አልተመለሰም። ስድስት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ስለ እሱ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም፤ እውነቱን እንደሚነግሩኝ አውቅ ነበርና። አሁን ብደፍርም የሚመልስልኝ የለም።