ሰይድን የቀደምኩበት ታንኳ

ባለፈው ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ስበር፣ አስተናጋጇ በድምፅ ማጉያው «በረራችን ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይፈጃል» ስትል ሳቄ አመለጠኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ዞር ብለው አዩኝ። ምን ያድርጉ፤ ያሳቀኝ የአባቴ የደንገል ታንኳ መሆኑን በምን ያውቃሉ!

ያደግሁት ከሐይቅ ከተማ ማዶ፣ ውሃው ዳር ባለች መንደር ነው። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ቤታችን ዓሣና እርጥብ ደንገል ይሸታል፤ ሽታው ትምህርት ቤት ድረስ ስለሚከተለኝ ልጆቹ «አምባዛ መጣች!» ይሉኝ ነበር።

አንድ ክረምት ማብቂያ ላይ አጎቴ ሁሴን ከአዲስ አበባ መጣ፤ ያውም እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን! በዚያን ዘመን አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ደሴ ሲገባ ይመሽ ነበር። አጎቴ ግን «አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም» ሲለን፣ እናቴ «ያረቢ! ነፍስህ ገና መንገድ ላይ ትሆናለች» አለችው። እኔ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አውሮፕላን እንደ መኪና አይጠማዘዝም፤ ገደልም ይሁን ሸለቆ፣ አቅንቶ ነው የሚሄድ» አለኝ።

ሊመለስ ሲል፣ ኮምቦልቻ በምታደርሰው መኪና ውስጥ የአንድ ልጅ ቦታ ብቻ ተገኘ። እኔና የአክስቴ ልጅ ሰይድ ተያያዝን፤ ሁለታችንም አውሮፕላን በቅርብ አይተን አናውቅም። አጎቴ «እኔ ዛሬ ከተማ ነው የማድረው፤ ነገ ጠዋት ቀድሞ የደረሰልኝ ይሄዳል» ብሎ ገላገለን። ሰይድ እግረ ረጅም ነው፤ በሩጫ ማንም አይደርስበትም። «አንቺማ እስክትደርሺ አውሮፕላኑ ያረጃል!» አለኝ።

በነጋታው እሱ የሐይቁን ዳር ይዞ ሲፈተለክ፣ እኔ ወደ አባቴ ሮጥኩ። አባቴ ነገሩ ወዲያው ገባው። «የደረቀችዋን ውሰጂ፤ ከአምባሰል ነፋስ ሳይወርድ ተሻገሪ» አለኝ እየሳቀ። ውሃ የጠጣች ታንኳ እንደ ግንድ ትከብዳለች፤ ፀሐይ ላይ ቆማ የዋለችው ግን እንደ ቅጠል ነች። ቀዘፍኩ። መዳፌ እስኪላጥ ቀዘፍኩ። የሰይድ ነጭ ሸሚዝ በበቆሎው መሃል ብልጭ ድርግም ይላል፤ ቀድሞኛል። ከዚያ ውሃው ገባ ያለበት ቦታ ላይ መንገዱ ታጠፈ፤ ሰይድም አብሮት ታጠፈ። እኔ አቅንቼ ሄድኩ።

ቀሚሴ ውሃ እያንጠባጠበ መኪናዋ ዘንድ ስደርስ ሰይድ የለም። አጎቴ ዓይኑን ማመን አቅቶት «ዘሐራ! በምን መጣሽ?» አለኝ።

«በአውሮፕላን!» አልኩት።

ኮምቦልቻ ላይ ያ ትልቅ ብረት አጎቴን ይዞ ከመሬት ሲነሳ፣ እኔ ያበረርኩት ያህል እልል አልኩ።

አሁን እኔው ራሴ ውስጡ ተቀምጬ፣ ሊያርፍ ዞር ሲል ሐይቃችን ከሩቅ ታየኝ። ያን ጊዜ ማዶው የማይደረስ የመሰለኝ ውሃ መዳፍ ያክላል። አባቴም አጎቴም ዛሬ የሉም፤ «የደረቀችዋን ውሰጂ» የሚለው ድምፅ ግን ከሞተሩ ጩኸት በላይ ተሰማኝ።

እኔም ሰይድም ለዘመድ ሠርግ ወደ ሐይቅ እየሄድን ነበር። እሱ አውሮፕላን ፈርቶ ንጋት ላይ በአውቶቡስ ወጥቷል። እንዳረፍኩ ደወልኩለት።

«እኛ ገና ሸዋ ሮቢት ነን፤ አንቺስ?»

«ኮምቦልቻ።»

«ወላሂ ውሸትሽን ነው! በምን መጣሽ?»

«በታንኳ!» አልኩት።