ቀለበቴን ያነጣው ቅባት

የመጀመሪያ ልጄን ዳንግላ ላይ ስወልድ ማድያት ፊቴን ወረሰው። ከሁለቱ ጉንጮቼ ተነሥቶ እስከ ላይኛው ከንፈሬ ወርዶ ሻይ የፈሰሰበት ነጠላ አስመሰለኝ። እናቴ ከእንጅባራ ወዲያ ካለው መንደራችን በፈረስ መጥታ ስታርሰኝ አየችውና በአገውኛ «ይኼ የአራስ ምልክት ነው፤ ሰውነትሽ ሲጠና ይለቅሻል» አለችኝ። አላመንኳትም። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከጎንደር አዲስ አበባ ሲመላለስ በየከተማው ስንቱን ቆንጆ ያያል። እኔ ደግሞ ገና ልጅ ነበርኩ፤ መስተዋት ፊት ቆሜ አለቅስ ነበር።

እናቴ ወደ አገሯ እንደተመለሰች አንዲት ጎረቤቴ መጥታ ስለ ነጩ ቅባት በሹክሹክታ ነገረችኝ። ገበያው ዳር ያለው ባለሱቅ በመኪና የሚያስመጣው ነው፤ ማታ ማታ ፊት ላይ ሲያሹት ማድያቱን ያጠፋል፣ ጠይሟን ቀይ ያደርጋል። እሷ ራሷ ተቀብታው ፊቷና አንገቷ የሁለት ሰው መስለው ነበር። በማግስቱ ሄጄ ገዛሁ። ክብ ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ላይ ጸጉሯን የተጠቀለለች የፈረንጅ ሴት ትስቃለች። ዙሪያውን የተጻፈውን ባለሱቁም አያውቀው፣ እኔም አላውቀው። ስከፍተው የጽጌረዳ ሽታ ሸተተኝና ደስ አለኝ።

በዚያው ሰሞን አማቴ ትልቅ ስጦታ ሰጡኝ። እማማ ነበር የምላቸው። በአገው ምድር የግምጃ ቤት ከተማ ተወላጅ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸው አጥር የሚሻገር፣ ሲሰጡ ግን እጃቸው የማይሰስት ሴት ነበሩ። ከእናታቸው የወረሱት አንድ የወርቅ ቀለበትና አንድ ጥንድ የወርቅ ጉትቻ ነበራቸው። ቀለበቱን ከጣታቸው አያወልቁትም። ጉትቻውን ግን «የልጅ ልጅ ላሳየችኝ ሲያንስባት ነው» ብለው ለአንጥረኛ ሰጡና ለእኔ ቀለበት አሠሩልኝ።

አንጥረኛው ከገበያው ጀርባ ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩ፣ ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። የዳንግላን ሴት ጆሮና አንገት ያስጌጡት እሳቸው ናቸው። ሰዉ ግን ጌጡን እየወደደ ሠሪውን ይፈራ ነበር። ከኋላቸው «ቀጥቃጭ» ይላቸዋል፤ ሕፃን ያዘለች ሴት በደጃቸው ስታልፍ የልጇን ፊት ትሸፍናለች። እሳቸው ይኼን እያዩ እንዳላዩ ሆነው ወናፋቸውን ይነፋሉ።

ቅባቱ መጀመሪያ ላይ ሠራልኝ። ማድያቱ ሳሳ፣ ፊቴ ፈካ። እማማ እንኳ «ምነው ዛሬ ጨረቃ መሰልሽ?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ግን ይለበልበኝ ጀመር፤ ፀሐይ ሲነካኝ በርበሬ የተነሰነሰብኝ ያህል ያቃጥለኛል። ጉንጮቼ ቀልተው ተላጡ፤ ከተላጠው ሥር የወጣው ቆዳ ከማድያቱ የባሰ ጠቆረ። ድዴ አበጠ። አፌ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ገባ፤ ልጁን ሳቅፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሁሉንም የአራስነት ድካም ነው አልኩት። ፊቴ በባሰበት ቁጥር ቅባቱ ያነሰው እየመሰለኝ እጨምርበት ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤት ለክርስትና ተጠርተን ስንዘገጃጅ እማማ ነጠላዬን ሊያስተካክሉልኝ ቀረቡና እጄን ያዙ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ቀለበቱ ነዋ፣ እማማ።»

«የእናቴ ወርቅ እንዲህ ነው?»

መደብዘዙን አይቼው ነበር፤ እድፍ መስሎኝ በአመድ ፈትጌዋለሁ። አሁን በቀን ብርሃን ሳየው ግን ቆርቆሮ ሆኗል። በመዳፌ በኩል ያለው ጎኑ ጭራሽ ነጭ ነው። እማማ ክርስትናውን ትተው፣ እኔን እየጎተቱ፣ በቀጥታ አንጥረኛው ቤት ገቡ።

«አንተ ሰውዬ! የእናቴን ወርቅ የት አደረስኸው?»

ሽማግሌው ቀለበቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት፤ በጥፍራቸው ጫሩት። «እመቤቴ፣ ወርቁ ያው የእርስዎ ወርቅ ነው። ባዜቃ ነክቶት ነው የነጣው» አሉ።

ባዜቃ እንደ ውሃ የሚፈስ፣ እንደ ብር የሚያበራ ነገር ነው። አንጥረኞች በብር ጌጥ ላይ ወርቅ ለመለበጥ ይጠቀሙበታል። እማማ ይኼን ያውቃሉ።

«ታዲያ ባዜቃ ከአንተ በቀር ማን ዘንድ አለ?» ብለው ጮኹ።

ከሽማግሌው ጀርባ መደርደሪያው ላይ ትንሽዬ ጠርሙስ ነበረች፤ ሁላችንም አየናት። «እኔ ዘንድ አለ። በዚህ ቀለበት ላይ ግን አልነካሁትም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ እጅሽ ምን ምን ይነካል?» ሲሉኝ እማማ ክንዴን ይዘው አስወጡኝ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ። ሴቶች ጉትቻቸውን እያወለቁ ይነክሱ፣ ይመዝኑ ጀመር። ሊያሠሩ የሰጡትን ጌጥ ሳይጨረስ የወሰዱም ነበሩ። እማማ ሽማግሌዎች ጠርተው አንጥረኛውን በግቢያችን ሊፋረዷቸው ቀን ቆረጡ። ሽማግሌው አንጥረኛ እመጣለሁ ብለው ላኩ።

ከፍርዱ በፊት ባለው ጠዋት ከእማማ ጋር ከከተማው በታች ካለው ወንዝ ወርደን የሕፃኑን ጨርቅ አጠብን። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እጃችን አንድ ገንዳ ውስጥ፣ አንድ ሳሙና እየተቀባበልን። እሳቸው ሲያጥቡ ቀለበታቸው ከአረፋው ብቅ ጥልቅ ይላል፤ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ። የእኔ ከጎኑ የሞተ ነው። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። እናታቸው ያወረሷቸው ወርቅ አንድ ነው። ሳሙናችን አንድ ነው። አንድ ቅቤ እንቀባለን፣ አንድ ሊጥ እናቦካለን፣ አንድ አመድ እንዝቃለን። የሳቸው እጅ የማይነካው፣ የእኔ እጅ ብቻ የሚነካው ምንድነው?

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። ቅባቱ!

«እማማ፣ አንጥረኛው አይመስለኝም...» ብዬ ስጀምር «እስቲ አንቺ ዝም በይ፤ አላዋቂ ናቸው ብሎ እኮ ነው የደፈረን» አሉኝ። ቤት እንደገባን ቆርቆሮውን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ሽማግሌዎቹ መጥተው በግቢያችን በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ነገሩን የሚመሩት አንድ አዛውንት ቄስ ነበሩ። አጥሩ ዙሪያ ሰው ሞላ። እማማ በሰፊው ከሰሱ። አንጥረኛው አጭር መልስ ሰጡ፤ ወርቁን አልለወጥኩም፣ በቀለበቱም ላይ ባዜቃ አላደረግሁም አሉ። ቄሱ በቁርዓን ሊያስምሏቸው ተነሡ። ያን ጊዜ ወጣት ምራት በሽማግሌ ፊት አትናገርም። ልጁን ለጎረቤቴ ሰጠሁና ቆርቆሮውን ከቀሚሴ ኪስ አውጥቼ መሐል ገባሁ።

«አባቴ፣ መሐላው ይቆየኝ» አልኳቸው ቄሱን። «ባዜቃው ያለው እዚህ ውስጥ ይመስለኛል። እኔ በዚህ እጄ ፊቴን እቀባለሁ። እማማ አይቀቡም። ወርቃችን አንድ ሆኖ የሳቸው አልነጣም።»

አጥሩ ዳር ሳቅ ተነሣ። «የሽቶ ቅባት ወርቅ ሊበላ!» አለ አንዱ። ቄሱ ግን አልሳቁም። «በምን እናውቃለን፣ ልጄ?»

«የእማማን ቀለበት ቅባቱ ውስጥ እንክተተው።»

ሁሉም ወደ እማማ ዞረ። የተቆጡ መሰለኝ። እሳቸው ግን በያዙት ነገር እርግጠኛ ስለነበሩ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው፣ ያን የማይወልቅ ቀለበት እየተጣጣሩ አወለቁትና ለቄሱ ሰጡ። «ክተቱት! የእናቴ ወርቅ እንደሆነ ንቅንቅ አይልም!»

ቄሱ ቀለበቱን ቅባቱ ውስጥ ቀብረው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ በመሐረባቸው ቋጥረው ይዘውት ሄዱ። ማንም እንዳይነካው እሳቸው ዘንድ አደረ።

በማግስቱ ትናንት የነበረው ሰው እጥፍ ሆኖ መጣ። ቄሱ ቋጠሮውን ፈቱ፣ ቀለበቱን በእንጨት አወጡት፣ በጨርቅ ጠረጉት። አንዴ ጠረጉት፣ ደግመው ጠረጉት። ከዚያ ከፍ አድርገው አሳዩን።

ነጭ ነበር። እንደ እኔው ቀለበት ነጭ።

አጥሩ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ተንጫጫ። እኔ እማማን ነበር የማየው። ቀለበቱን ያዩት አንድ አፍታ ነው፤ ከዚያ ዓይናቸው ፊቴ ላይ አረፈ። የተላጠውን፣ የጠቆረውን ጉንጬን ገና ያን ዕለት ያዩት ይመስል ቀረቡና በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

«ልጄ፣ ወርቅ እንዲህ የሚያደርገውን ነገር ነው ፊትሽን የምትቀቢው? ይኼን ልጅ እያጠባሽ?»

አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ከዚያ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ቀጥ ብለው ቆሙና ሰዉ ሁሉ እየሰማ ወደ አንጥረኛው ዞሩ። «በድዬዎታለሁ። ስምዎን በአደባባይ አንሥቻለሁ፤ ይቅርታም በአደባባይ እለምንዎታለሁ።» እስከዚያች ሰዓት አንተ ሲሏቸው ነው የኖሩት። ሽማግሌው እጅ ነሥተው «ከልቤ ይቅር ብያለሁ፣ እመቤቴ። አሁን ወርቅዎን ልመልስልዎ» አሉ።

ከሰልና ወናፍ አስመጥተው ግቢያችን ውስጥ አነደዱ። ጭሱ ክፉ ነው፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁሙ ብለው ሁላችንንም ወዲያ አራቁን፤ ልጁን ቤት አስገባን። ሁለቱን ቀለበቶች በጉጠት ፍሙ ላይ አሳረፏቸው። ነጩ ቀስ እያለ ሸሸ፤ ከሥሩ ደብዛዛ ቢጫ ብቅ አለ። አቀዝቅዘው በጨርቅና በአሸዋ ሲያሿቸው ሁለቱም አበሩ። ሴቱ እልል አለ። ያቺ ስለ ቅባቱ የነገረችኝ ጎረቤቴ ከሁሉም በላይ እልል ስትል አየኋት። በዚያው ዕለት የራሷን ቆርቆሮ አምጥታ ሰጠችን።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር አፌንና እጄን አይቶ የቅባቱ ባዜቃ ወደ ሰውነቴ መግባቱን ነገረኝ። ኩላሊትም የሚጎዳ ነው፣ በጊዜ ደርሰሻል አለኝ። ባለሱቁ ሊከራከር አልሞከረም፤ ለገዛ ሚስቱ ጭምር ሰጥቶ ነበርና ሲሰማ ፊቱ አመድ ሆነ። የቀሩትን ቆርቆሮዎች ሰብስቦ ድሬሰሩ ካሳየው ቦታ ከከተማው ራቅ አድርጎ በጥልቅ ጉድጓድ ቀበራቸው። እማማ ጉድጓዱ እስኪሞላ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ለሱቅ አዲስ የፊት ቅባት ሲመጣ በቀለበታቸው እንዲፈትኑት ባለሱቁ ራሱ ነው የሚያስጠራቸው።

አንጥረኛው ዘንድ ትልቅ በግ ወሰድን። እንደ ሃይማኖታቸው ራሳቸው እንዲያርዱት ከነነፍሱ ነው የነዳነው። እማማ ገበያውን መሐል ለመሐል ሰንጥቀው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ልጄን ፊቱን ገልጠው አዝለውት ሄዱ። ሽማግሌው ልጁን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ እሱም ቀዩን ጺማቸውን ጨብጦ አልለቅም አለ። ሚስታቸው በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ደጅ የልጇን ፊት የምትሸፍን ሴት እየቀነሰች መጣች፤ ለሥራ የሚጎርፈው ግን በዛ።

እጄ መንቀጥቀጡን ተወ፣ ድዴ ዳነ። ፊቴ ብዙ ወራት ወሰደበት፤ ጠይም ሆኖ፣ የእኔው ሆኖ ተመለሰ። ባሌ ከመንገድ ሲመለስ ነገሩን ከእኔ በፊት ከተማው ነግሮት ነበር፤ «የሽማግሌ መሐላ አስቆመች የተባለችው አንቺ ነሽ?» እያለ ገባ።

መንገዱ ሲደርቅ እማማ ልጁን ለእናቴ ሊያሳዩ አብረውኝ ወደ እንጅባራ ወጡ። የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበው ሳለ ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ በአገውኛ ያወሩት እሳቸው ናቸው። የራሳቸውን ጩኸት አልደበቁም፤ አንጥረኛውን እንዴት እንደሰደቡ እንኳ አስመስለው አሳዩ። እኔ ቆርቆሮውን ይዤ ሽማግሌዎቹ መሐል የገባሁበት ላይ ሲደርሱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆሙ። እናቴ እጄን አጥብቃ ያዘች። ቤቱ በእልልታ ተሞላ።