ያለ ሥራ የቆሙ መኪኖች

ይህን ነገር ባሌ አያውቅም። እናቴም አታውቅም። ረቡዕ ረቡዕ አብረን የምንጸልየው ሴቶች፣ አንዳችን የሌላችንን ጉድ እናውቃለን ባዮቹ፣ እነሱም አልሰሙም። እናንተ ስለማታውቁኝ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል፤ ይህም ያው ፈሪነቴ ነው።

የምሠራው እዚህ ውጭ አገር፣ ደንዉዲ የምትባል ከተማ ነው፤ ድርጅቶችን በየዘርፋቸው የምንመድብበት ኦፊስ ውስጥ። ዳቦ ቤቱን ከዳቦ ቤት፣ ጋራዡን ከጋራዥ ጋር እናስቀምጥና ማን ከመሰሎቹ በልጦ እንደሚሠራ፣ ማን ወደ ኋላ እንደቀረ ሪፖርት እንጽፋለን። ሪፖርቱን የሚያዙን እነዚህን ድርጅቶች የሚያሠሩ ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው፤ ከማን ጋር ኮንትራት እንደሚያድሱ የሚወስኑት እሱን አይተው ነው። ቀላል ሥራ ይመስላል። ግን አንድን ሰው ከማይመስሉት ጋር ካቆማችሁት ምንም ሳያጠፋ ሰነፍ ታደርጉታላችሁ። ይህን በደንብ አውቅ ነበር። አዲስ ሠራተኞችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ።

እትዬ አስናቀች ሊልበርን ያለው ቤተ ክርስቲያናችን አባል ናቸው። አምስት ቫን ነበራቸው፤ ለኩላሊት እጥበት የሚሄዱ ሰዎችን ከየቤታቸው ወስደው ይመልሳሉ። አባቴን በሳምንት ሦስት ቀን ዱሉዝ ከተማ ወዳለው የእጥበት ማዕከል ያመላለሱት እሳቸው ናቸው። አድርሰው አይሄዱም። ፓርክ አድርገው አራት ሰዓት ሙሉ ይጠብቁታል፤ መርፌው ሲነቀል ራሱን ስለሚያዞረው ክንዱን ይዘው ያወጡታል። ሾፌሮቻቸውንም ያስተማሩት ይህንኑ ነው። "ሰው ደክሞ ሲወጣ የሚያውቀው ፊት ይፈልጋል" ይሉ ነበር። አባቴ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን እዚያ በር ላይ ብቻውን ቆሞ አያውቅም።

አባቴ በሞተ በሁለተኛው ዓመት የእትዬ አስናቀች ፋይል ኮምፒውተሬ ላይ መጣ። ሥራችሁ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ የመለሱት በአንድ መስመር ነው፤ ሰው እናደርሳለን፣ በቃ። ስለ መጠበቁ፣ ክንድ ስለ መያዙ አንዲት ቃል የለችም። ቀኝ እጅህ የሰጠውን ግራ እጅህ አይወቅ እየተባለ ያደገ ሰው ፎርም ላይ ራሱን አያወድስም። ያንን ፎርም ያነበበ ሌላ ሰው ታክሲ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ሌላ ሰው አልነበርኩም።

ደንባችን ግልጽ ነው። የድርጅቱን ባለቤት የሚያውቅ ሠራተኛ አውቃለሁ ብሎ፣ የሚያውቀውን ተናግሮ ፋይሉን ለሌላ ያስተላልፋል። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የአንድ ሐበሻ ግሮሰሪ ምድብ ሳስተካክል አንዱ ባልደረባዬ "ዘመድሽ ነው እንዴ?" ብሎ ስቆብኝ ነበር። ቀልድ ነው። እኔ ግን ፕሮሞሽን እጠብቅ ነበርና ቀልዱ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ማናጀሬ የእትዬን ስም ሲያይ፣ "ኢትዮጵያዊት ትመስላለች፤ ታውቂያታለሽ?" አለኝ።

አላውቃትም አልኩ። የአባቴን ትውከት ከመኪናቸው ወለል ላይ በእጃቸው ያጸዱትን ሴት አላውቃትም አልኩ። ከዚያ የቀረቡልኝ ሁለት ዘርፎች ነበሩ፤ ህመምተኛ ማመላለሻና ታክሲ። ታክሲን መረጥኩ። ለምን? ህመምተኛ የሚለውን ብመርጥ ከየት አወቅሽ እባላለሁ ብዬ። ለወገኗ ታዳላለች እንዳልባል ብዬ ወገኔን በደልኩ።

እትዬ ከቡድናቸው መጨረሻ ወጡ። ይሄ ምን ያስደንቃል? ታክሲ ቆሞ አይውልም። ሪፖርቱ ላይ፣ መኪኖቹ ያለ ሥራ የሚቆሙበት ሰዓት ከመሰሎቻቸው እጅግ ይበልጣል የሚል መስመር ገባ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አጣጥፈው ይዘውልኝ መጡ። ኦፊስ እንደምሠራ እንጂ የትኛው እንደሆነ አያውቁም። "ሊያዬ፣ አንቺ እንዲህ ያለው ነገር ይገባሻል። ሦስት ወር ሰጥተውኛል፤ ካላሻሻልኩ ኮንትራቱን ሊወስዱብኝ ነው። ምን አጥፍቼ ነው?" አሉኝ።

አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃ ነበር። ዘርፌ ተሳስቷል ብለው ቢያመለክቱ ይታረማል፤ እዚያው ቆሜ ልጽፍላቸው እችል ነበር። ግን ማን መደበው ተብሎ ይፈተሻል፣ አላውቃትም ያልኩትም ይወጣል። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "እትዬ፣ መኪኖቹ ባይቆሙ ጥሩ ነው" አልኳቸው።

"ታዲያ ሰዎቹን ማን ይጠብቃቸው?"

"ሲጨርሱ ይደውላሉ።"

ነገሩ እንዳልጣማቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። "እንግዲህ አንቺ ካልሽ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ" አሉና ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። እኔ ከዚያም እብሳለሁ፤ ጅቡን መንገድ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ቫኖቹ መቆም ተዉ። ያደርሳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ሲደወልላቸው ይመለሳሉ። ጋሽ ገዛኸኝ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጥበታቸውን ጨርሰው ደወሉ። ሾፌሩን ሀይዌይ ላይ ትራፊክ ይዞት ነበር። ጋሽ ገዛኸኝ ሰው ማስቸገር አይወዱም፤ ሾፌሩ ከመኪናው እንዳይወርድ ብለው ውጭ ወጥተው መንገዱ ዳር ቆሙ። ራሳቸውን አዞራቸውና ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። እስከ ዛሬ በእግራቸው አይሄዱም፤ አረጋውያን መጦሪያ ገብተው ተኝተዋል።

በዚያው ወር ሁለተኛውን ሪፖርት ጻፍኩ። እትዬ ከቡድናቸው መሃል ደርሰዋል። የሚያስደስት መሻሻል ብዬ ጻፍኩበት። ፕሮሞሽኑንም አገኘሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በምስክርነት ሰዓት፣ እትዬ ማይኩን ተቀበሉ። "ወገኖች፣ ጋሽ ገዛኸኝን የጣልኳቸው እኔ ነኝ። ቁጥር አይቼ ሰው ረሳሁ። ጌታም እናንተም ይቅር በሉኝ" ብለው አለቀሱ። ጉባኤው አብሯቸው አለቀሰ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ። የእኔን ኃጢአት፣ የራሴን፣ እሳቸው ፊቴ ቆመው ተናዘዙልኝ። መነሳት ነበረብኝ። ምን አደረግኩ? አሜን አልኩ። ከሠራሁት ሁሉ ያ አሜን ይብስብኛል።

ቫኖቹን ሸጡ። ኮንትራቱ በእጃቸው እያለ ነው የተዉት፤ ማንም አላስገደዳቸውም። አሁን በዚህ ዕድሜያቸው ሰው ቤት እየሄዱ አረጋዊ ይንከባከባሉ። ሲያገኙኝ አገላብጠው ይስሙኛል።

ሰበብ ልስጣችሁ? ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የሠራሁት ልበል? ልጅነት ነው ልበል? ልጅ አልነበርኩም። ፈርቼ ነው ልበል? እሱ እንኳ እውነት ነው፤ ግን የፈራሁት ምን ነበር? የአንድ ሰው ሳቅ። ለዚያ ብዬ ጋሽ ገዛኸኝን ከእግራቸው፣ እትዬን ከሥራቸው ለየኋቸው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን ምን በደልኳችሁ?

ባለፈው እሑድ መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረች እትዬ እኔ አደርስሻለሁ አሉኝ። ከአምልኮ በኋላ ስብሰባ ነበረብኝ፤ ረዘመ። ስወጣ ፓርኪንጉ ባዶ ሆኗል፤ የእሳቸው አሮጌ መኪና ብቻ ሞተሯ ጠፍቶ ቆማለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቀውኛል። መንገዱን ሁሉ ስለ አባቴ አወሩኝ፣ እጥበት ሲሄድ ስለሚያወራላቸው ቀልድ። ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ቤቴ እስክንደርስም በቂ ጊዜ ነበረኝ። "ጌታ ይባርክዎ እትዬ" ብዬ ወረድኩ።

ቁልፌን ፈልጌ፣ በሩን ከፍቼ እስክገባ ድረስ አልሄዱም።