ባሌ ያጠፋቸው ትምህርቶች

ባሌ ቢቸና፣ እኔ ሞጣ እያስተማርን ልጅ ወለድን። እሱ በወር አንዴ ይመጣል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ወሩም ይዘለላል። ልጃችን አፏን የፈታችው እሱ በሌለበት ነው። ስለዚህ እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ቦታ ሲከፈት ባሌ እንዲያገኘው ተሳልኩ።

ውድድሩ በዲጂታል ፖርትፎሊዮ ነበር። ተወዳዳሪው ሲያስተምር የተቀረጸውን ቪዲዮና የትምህርት ዕቅዱን ኮምፒውተር ላይ አጠራቅሞ፣ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደተሻሻለ ያሳያል። ባሌ ጎበዝ መምህር ነው። ይህን የምለው ሚስቱ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሚስቱ ስለሆንኩማ ጉዱን ሁሉ አውቃለሁ።

አንዱ ጉዱ የቅኔ ቤት ልጅ መሆኑ ነው። ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲማር፣ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የደገመ ተማሪ መሳቂያ ነበር። ፖርትፎሊዮውንም በዚያው ልማድ ያዘው፤ አዲስ ቪዲዮ ባስገባ ቁጥር የቀድሞውን ያጠፋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የኔው ሞኝ ግን የያዘውን ሁሉ ለቀቀ። ይህን ያወቅሁት እንደ ሌላው ሰው በውድድሩ ቀን ነው።

መምህራን በተሰበሰብንበት መጀመሪያ አንድ ወጣት ቀረበ። የመጀመሪያ ዓመት ቪዲዮውን ግድግዳው ላይ ከፈተ። ልጆቹ ተኝተዋል፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ለሰሌዳው ያስተምራል። ሳቅን። ቀጥሎ የዘንድሮውን አሳየ፤ ደህና ነበር፣ ደህና ብቻ። አወዳዳሪው ኮሚቴ ግን አጨበጨበ።

ባሌ ተነሣና አንድ ቪዲዮ ከፈተ። ሲያወሩ የነበሩት ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞሩ። እንዲያ ሲያስተምር እኔም አይቼው አላውቅም። ሲያበቃ ሰብሳቢው፣

"ጥሩ ነው መምህር። የቀድሞዎቹስ?" አሉት።

"አጥፍቻቸዋለሁ።"

"ለምን?"

"ከዚህ ያንሳሉ።"

"እኛ እኮ የፈለግነው ያነሱትን ነበር። ከየት ተነሥተው እዚህ እንደደረሱ በምን እንወቅ?"

ከኋላ አንዱ "ሲወለዱም እንዲሁ ነበሩ ይሆናል" አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ባሌ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። የሳቁትን አልጠላኋቸውም፤ የጠላሁት እሱን ነው።

ቦታው ለወጣቱ ተሰጠ። ቤት እንደገባን ባሌ፣ "ያደረ ሥራ ይዤ ሰው ፊት ልቁም? ነውር አይደለም እንዴ?" አለኝ።

"ነውሩስ በስልክ ባል መሆንህ ነው" አልኩት። "ደግሞ አንተ ብሎ አባት።"

አንገቱን ደፋ። አላዘንኩለትም።

በማግስቱ ወደ ቢቸና ሊሄድ ሲል ልጃችንን ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ። ሸሽታ ከኋላዬ ተደበቀችና ቀሚሴን ያዘች።

"እማ፣ ሰውዬው መቼ ነው የሚሄደው?" አለች።

አባትሽ ነው ልላት እችል ነበር።

"አሁን ይሄዳል" አልኳት።